ጥይት በሙክት ዋጋ

(ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት መንደር፣ ሠርግ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ የሙሽራዪቱ አባት ስሜነህና ከወንዝ ማዶ የመጣው የሙሽራው አባት ቸኮል ከስሜነህ ደጅ ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ በአገሩ ልማድ የሙሽራው ወገን ዋንዛው ላይ የሚሰቀለውን ቅል ቢበዛ በሦስት ጥይት ካልመታ የሙሽራዪቱ ቤት በር አይከፈትለትም።)

ቸኮል፦ ጅራፍስ? ጅራፍ ምን አለው? እንደ ጥይት ይጮኻል፣ ባሩድ አይበላም፣ ቢስትም ሰው አይገድልም።

ስሜነህ፦ የልጄን በር በጅራፍ? ልጄን ነው የምትወስደው ወይስ በሬዬን?

ቸኮል፦ እሺ፣ ጅራፉ ይቅር። ወንጭፍ።

ስሜነህ፦ ወንጭፍ ለማሽላ ጠባቂ ነው። እኔ ወፍ አልዳርኩም።

ቸኮል፦ ወንጭፍን አትናቅ አያ ስሜነህ። ዳዊት ጎልያድን የጣለው በምን ሆነና?

ስሜነህ፦ ጎልያድንማ ማን ይስታል? ቤት ያክል ነበር። የእኔ ቅል የሕፃን ራስ አያክል።

ቸኮል፦ እንግዲያው እንሠልጥን። ልጄ ምንይችል ሞባይሉ ውስጥ የመትረየስ ድምፅ አለው። ከከተማ ሞንታርቦ ተከራይተን እናምጣና እንልቀቀው፤ አገር ይናወጣል።

ስሜነህ፦ ቅሉስ? በድምፁ ደንግጦ ይውረድ?

ቸኮል፦ አንድ ሰው ዛፉ ላይ ወጥቶ ገመዱን ቢቆርጠው…

ስሜነህ፦ አያ ቸኮል፣ እፈር እንጂ! እዚህ ዋንዛ ላይ የአክስቶቼ ቅል ተሰቅሏል፣ የሦስት እህቶቼ ቅል ተሰቅሏል። ሁሉም በጥይት ነው የወረዱት። ታናሽ እህቴን ያጎትህ ልጅ ሲያገባ ማን ነበር የተኮሰው? አንተ! በመጀመሪያዋ አውርደኸው ሳለ ሁለተኛዋን ለምን ተኮስክ ሲሉህ ምን አልክ?

ቸኮል፦ «የመጀመሪያዋ ብቻዋን እንዳይከፋት።»

ስሜነህ፦ አየህ! ይህን ያለ አፍ ዛሬ ስለ ጅራፍ ያወራል።

ቸኮል፦ ያኔማ ጥይት ጥይት አልነበረም፣ ቆሎ ነበር። ለአንድ ቁና ጤፍ ሦስት ይሰጥህና ነጋዴው «ለመንገድህ» ብሎ አንድ ይመርቅልሃል። ዛሬ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?

ስሜነህ፦ እኔን ምን ገበያ ያስወጣኛል? ዝናሬን አታየውም? ከዳር እዳር ሙሉ ነው።

ቸኮል፦ የታደልክ። እንግዲያው ልንገርህ፤ አንድ ጥይት አንድ ሙክት ገብቷል። ሙክት! ጨው እየላሰ የከረመ፣ ላቱ መሬት የሚጠርግ። ሦስት ጥይት ተኮስኩ ማለት ሦስት ሙክት ወደ ሰማይ ለቀቅሁ ማለት ነው። ዘንድሮ ጠመንጃ «ዷ» አይልም አያ ስሜነህ፣ «ባዕ» ነው የሚለው።

ስሜነህ፦ ኧረ ተው!

ቸኮል፦ ለመስቀል ዒላማ ስንት ሰው እንደመጣ ሰምተሃል? አራት። ሦስቱ ለማየት ነው የመጡ። አራተኛው አንዲት ጥይት ይዞ መጥቶ፣ ተንበርክኮ አነጣጠረ፣ አነጣጠረ፣ ኋላ «አሳዘነችኝ» ብሎ አውጥቶ ኪሱ ከተታት አሉ።

ስሜነህ፦ «አሉ» ነው እንግዲህ። አንተ የለህበትማ! ስለሱም ልጠይቅህ ነበር። የመስቀል ዒላማ ያለ አንተ ተተኩሶ አያውቅም። ገደሉን ተሻግረህ እንቁላል የምትመታ ሰው ምነው ቀረህ?

ቸኮል፦ ነገርኩህ እኮ። ተወደደ።

ስሜነህ፦ ላምህ መንታ ስትወልድ ሰባት ጥይት የተኮስክ ሰው? ሁለቱን ለጥጆቹ፣ አምስቱን ለላሚቱ?

ቸኮል፦ ምጧ ጠንቶባት ነበር።

ስሜነህ፦ ጥጆቹ አርጅተው እስካሁን በር ሲዘጋ ይበረግጋሉ! በል፣ ነገር አናስረዝም። ሦስቱን ጥይት እኔ እሰጥሃለሁ። ከዚሁ ከዝናሬ። የልጄ ክብር ከሙክት አይበልጥም?

ቸኮል፦ አይሆንም።

ስሜነህ፦ ምኑ ነው የማይሆነው?

ቸኮል፦ በሰው ጥይት በር ማስከፈት በሰው ጥርስ ሥጋ እንደማኘክ ነው።

ስሜነህ፦ ተወደደ ብለህ ስታለቅስ ቆይተህ በነጻ ስሰጥህ ትኮራብኛለህ? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር አሉ። የሆነ ነገርማ አለ። በል እንጂ ልጁ ይተኩሳ! የሚያገባው እሱ አይደል?

ቸኮል፦ ማን? ምንይችል?

ስሜነህ፦ አዎ። ስሙ ምንይችል ነው። ለመሆኑ ምን ይችላል?

ቸኮል፦ ልጄን አትንካብኝ! ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ ሞተር ይፈታል። ጠመንጃም ቢሆን ፈትቶ፣ ወልውሎ፣ ቅባት ቀብቶ ሲገጥመው እጁን ማየት ነው።

ስሜነህ፦ ይተኩሳል ወይ ነው ያልኩህ።

ቸኮል፦ አነጣጠሩ ለጉድ ነው።

ስሜነህ፦ ይተኩሳል ወይ?

ቸኮል፦ …ተኩሶ አያውቅም።

ስሜነህ፦ አንድም?

ቸኮል፦ በምን ይተኩስ? እሱ ለአቅመ ጠመንጃ ሲደርስ ጥይቱ ከአቅማችን በላይ ሆነ። እኔም እንዲሁ በባዶው አስተማርኩት። ያነጣጥራል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ ቃታውን ይስባል፣ ከዚያ እኔ ከጎኑ ሆኜ በአፌ «ዷ!» እልለታለሁ።

ስሜነህ፦ በአፍህ?

ቸኮል፦ ደኅና አድርጌ ነዋ የምልለት! ትከሻውንም መታ አደርገዋለሁ፣ መግፋቱን እንዲለምደው።

ስሜነህ፦ ኧረ በማርያም፣ አታስቀኝ! መታህ ወይስ ሳትህ የሚለውንስ ማን ይነግረዋል?

ቸኮል፦ እኔ ነኛ። አንዳንዴ «ሳትክ» እለዋለሁ፣ እንዳይታበይ።

ስሜነህ፦ እንዲህ ያለውን ተኳሽ እዚህ አምጥተህ እውነተኛ ጥይት ብታጎርሰው ቅሉን ትቶ ቄሱን ነው የሚመታልህ። በቃ፣ ልጁ አይሆንም። አንተ ተኩስለት። አባት ለልጁ ቢተኩስ ነውር የለውም፤ ለእኔም አባቴ ነው የተኮሰልኝ።

ቸኮል፦ ትከሻዬን ያመኛል።

ስሜነህ፦ ማጫ ያመጣህ ለት ኩንታል ተሸክመህ መጥተሃል።

ቸኮል፦ ስለት አለብኝ። እስከ ፋሲካ ጠመንጃ አልነካም ብያለሁ።

ስሜነህ፦ ለማን ነው የተሳልከው?

ቸኮል፦ ለ… ለአንዱ ቅዱስ። አሁን ስሙ ጠፋኝ።

ስሜነህ፦ ስሙ ለጠፋህ ቅዱስ ነው የምትሳል! እሱስ ማነው የተሳለልኝ እያለ ይፈልግሃል። ስማኝ አያ ቸኮል፣ እኔ ዝም ብልህ የመንደሩ ሴቶች ዝም አይሉህም። ቅሉ ሳይመታ ከዋለ ምን ብለው ሊያወርዱብህ እንደተሰናዱ ሰምቻለሁ፦

«ቅሉስ ደኅና ነው፣ ተሰቅሎ ያያል፤
የማዶው ተኳሽ፣ ጨለመብኝ ይላል።»

ምነው? ቀልድ ነው እኮ። ምነው ፊትህ ተለወጠ?

ቸኮል፦ ማን ነገራቸው?

ስሜነህ፦ ምኑን?

ቸኮል፦ ጨለመብኝ ማለቴን። ማን ነገራቸው ነው የምልህ! ጥሩዬ ናት? ሚስቴ ተናግራ ነው?

ስሜነህ፦ ኧረ ቤት እንዲመታላቸው ያሉት ነው። ያያል፣ ይላል። ተቀመጥ እባክህ። ሆሆይ፣ ምን ሆነሃል ወንድሜ?

ቸኮል፦ ከአፍህ ካወጣኸው አልቀብርህም።

ስሜነህ፦ አላወጣም።

ቸኮል፦ በሰኔ ነው። ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ አጥሩ ላይ አሞራ አየሁ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ክንፉን ዘርግቶ የተቀመጠ። ጫጩቶቻችንን ሊጨርስ ነው ብዬ የቀረችኝን አንዲት ጥይት አጎረስኩ። ተንበርክኬ፣ ትንፋሼን ውጬ ለቀቅሁበት።

ስሜነህ፦ መታኸው?

ቸኮል፦ ወደቀ። ሮጬ ስደርስ የጥሩዬ ቀሚስ ነው። ለለቅሶ የምትለብሰው፣ አጥባ አስጥታው።

ስሜነህ፦ ቀሚስ ገደልክ! ሃ! አንድ ሙክት ከፍለህ ቀሚስ ገደልክ!

ቸኮል፦ ሳቅ፣ ግድ የለም። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ኋላ ጥሩዬ ከአጥሩ ወዲያ ብድግ አለች። ነጠላዋን ልታሰጣ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና ብላ ቢሆን ኖሮ… ቀዳዳው ደረቱ ላይ ነው አያ ስሜነህ።

ስሜነህ፦ እግዚኦ!

ቸኮል፦ አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ቀሚሱን አንሥታ ገባችና ቁጭ ብላ ጠቀመችው። እኔ ደጅ ቆሜ መርፌው ሲወጣና ሲገባ ለማየት ብሞክር መርፌው አይታየኝም፤ እጇ ብቻ ነው። ሲነጋ ጠመንጃውን ከአልጋ ሥር ከታ ሣር አለበሰችው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ለምን አትተኩስም ሲለኝ «ጥይት ተወደደ» እላለሁ። ሁለተኛ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ «እውነትህን ነው» ብሎ ያልፋል። በዕድሜዬ ኑሮ መወደዱ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስሜነህ፦ ሁለቱም ዓይንህ ነው?

ቸኮል፦ ግራው እንደ ጭጋግ፣ ቀኙ እንደ ቡላ። አሁን አንተን ሳይህ ዋንዛው ነህ፣ ዋንዛው ሲናገር ነው የምሰማው።

ስሜነህ፦ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። በል እንግዲህ፣ ከወገንህ ሌላ ተኳሽ ፈልግ። ጥይቱን እንዳልኩህ እኔ እችላለሁ። እጅህን ዘርጋ። ይኸው አንድ፣ ይኸው ሁለት፣ ይኸው ሦስት።

ቸኮል፦ …አያ ስሜነህ።

ስሜነህ፦ አቤት። ምስጋናው ይቆየኝ።

ቸኮል፦ ይኼ ጥይት ምን ነክቶት ቀለለ?

ስሜነህ፦ አዲስ ዓይነት ነው።

ቸኮል፦ የጥይት ጫፍ ይቀዘቅዛል። ይኼ ይሞቃል።

ስሜነህ፦ ወገቤ ላይ ስለዋለ ነዋ።

ቸኮል፦ ቆይ፣ ልንከሰው። እንጨት ነው! ወይራ ነው! ባዶ ቀለህ ላይ ወይራ ጠርበህ ሰክተህ! ዓይኔ ነው እንጂ የፈሰሰ፣ ጣቴ ታወረ አሉህ? ጨለመብኝ ብዬ በነገርኩህ ትንፋሽ እንጨት ታስጨብጠኛለህ?

ስሜነህ፦ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ሴቶቹ ጓዳ ናቸው።

ቸኮል፦ ስንቱ ነው እንዲህ? ዝናሩን ወዲህ በል! ይኼም እንጨት። ይኼም። ሆሆ! ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል አሉ፤ አንተም ማገዶህን ታጥቀህ ለቅሶ ለሠርጉ ትዞራለህ!

ስሜነህ፦ ባዶ ዝናር ታጥቄ ልዙር ታዲያ? የት ገባ ቢሉኝስ ምን ልበል?

ቸኮል፦ የት ገባ?

ስሜነህ፦ ባሕር ዳር።

ቸኮል፦ ምን ሊሠራ?

ስሜነህ፦ ሊማር። ሰባ ሦስት ጥይት ነበረኝ፣ አባቴ ካወረሰኝ ጋር። ልጄ ባንቺአየሁ ነርስ ልሁን ስትል ላም ልሸጥ ብል ላሟ አንዲት ናት፣ መሬት ልሸጥ ብል መሬት አይሸጥ። ዝናሩን ፈታሁ። አንደኛውን ዓመት በአያቷ ጥይት ተማረች፣ ሁለተኛውን በእኔ። ሦስተኛው ላይ ያልቅብኛል ብዬ እንቅልፍ ሳጣ ዋጋው ሽቅብ ወጣ። አገር «ጥይት ተወደደ» ብሎ ሲያለቅስ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራሁ።

ቸኮል፦ እኔን ሲያስጨርሰኝ አንተን አስመረቀህ በለኛ!

ስሜነህ፦ አስመረቀኝ። አንዷን ጥይት ስሸጥ ግን አውጥቼ አሸትት ነበር። የአባቴ እጅ የሚሸት ይመስለኝ ነበር። ይኼንንም ከአፍህ ታወጣና ወዮልህ።

ቸኮል፦ ቆይ ቆይ። ታዲያ አንዲት ጥይት ሳትኖርህ ከጧት ጀምሮ «ቅሉ ካልተመታ» እያልክ ያደረቅኸኝ ለምንድን ነው? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት አንተ ነህ!

ስሜነህ፦ አንተ እንድታስቀረው ነዋ! ቅሉ ሲመታ እኔ በሦስት ተኩስ መመለስ አለብኝ። በወይራ ልመልስ? አንተ «አልቻልኩም» ብትል ልማዱን ያፈረስከው አንተ ትሆናለህ፤ እኔ ትንሽ እቆጣለሁ፣ ትንሽ አዝናለሁ፣ ሽማግሌ ይለምነኛል፣ እሺ እላለሁ። አንተ ግን አንዴ ጅራፍ፣ አንዴ ወንጭፍ፣ አንዴ ሞንታርቦ!

ቸኮል፦ እኔም እኮ አንተ እስክትታክትና «ይቅር» እስክትል ነበር የምጠብቅ!

ስሜነህ፦ አህያ ላህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበር።

ቸኮል፦ በል እንግዲህ፣ ሁለታችንም ባዶ ነን። ተባብለን ቅሉን እናስቀረው።

ስሜነህ፦ እሱማ አይቀርም። የእህቴን ልጅ አታስታውሳትም? ያለ ቅል ወጣች ተብሎ፣ ይኸው ሦስት ልጅ ወልዳ እንኳ ውሃ ስትቀዳ «የተሰረቀችው መጣች» ይሏታል። ልጄን እንዲህ አላስብላትም። ደግሞ ባዶ ነኝ ማን አለህ? አንዲት ቀርታኛለች። እውነተኛዋ። ለሠርጓ ብዬ ዓይኗን ሳላይ ያስቀመጥኳት። መልሱን ተኩስ ለጎረቤት አደራ እላለሁ፤ ይህቺ ለቅሉ ናት።

ቸኮል፦ አንዲት ጥይት። አንድ ዕውር፣ አንድ በአፍ የተማረ። ማን ይተኩሳታል?

ስሜነህ፦ ባንቺአየሁ።

ቸኮል፦ የትኛዋ ባንቺአየሁ?

ስሜነህ፦ ሙሽራዋ ናታ! ስንት ባንቺአየሁ አለችን?

ቸኮል፦ ሙሽራ! ቬሏን አድርጋ? የራሷን በር በጥይት አስከፍታ ልትወጣ? እኛ ልንወስዳት ነው ወይስ እሷ ልትወስደን?

ስሜነህ፦ ወንድ ልጅ አልሰጠኝም። ጥይት ቆሎ በነበረበት ዘመን ከእኔ ጋር ዒላማ እየወጣች ነው ያደገችው። በአሥራ አንድ ዓመቷ ከእኔ እኩል ትመታ ነበር፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ እኔ ከእሷ ጋር መወዳደር ተውኩ። ቆጡ ላይ ትወጣለች፣ በመስኮቱ ነው የምትተኩሰው። ቅሉ ከሰው ራስ ከፍ ይላል፣ ከኋላው ገደል ነው። ሚዜዎቿ ጮኸው ይዘፍናሉ። ያንተ ልጅ ደጅ ላይ ተንበርክኮ በባዶው ያነጣጥራል፤ እሱን እንደሁ ተክኖበታል። አንተ ትከሻውን መታ ስታደርገው እሷ ትለቃለች።

ቸኮል፦ በአፌም ልበል?

ስሜነህ፦ እባክህ አፍህን ዝጋ! ያን ቀን እንኳን ዝጋ።

ቸኮል፦ ምንይችል ያውቃል?

ስሜነህ፦ አቅዳ የጨረሰችው ከእሱ ጋር ነው። እንደማይተኩስ የነገራት ራሱ ነው።

ቸኮል፦ የእኔን ዓይንስ?

ስሜነህ፦ እሱን እሷ ናት የነገረችኝ። ማጫ ያመጣህ ለት ቤት ስትገባ ምሰሶውን ጨብጠህ «እንደምን ዋሉ አባ፣ ይፍቱኝ» ስትለው አይታህ።

ቸኮል፦ ቄሱ መስሎኝ ነዋ! ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ነጭ ተጠቅልሎበታል!

ስሜነህ፦ ልትስመው ነበር አሉ።

ቸኮል፦ ይኼን ሁሉ አውቀህ ነው ከጧት ጀምሮ የምታለፋኝ?

ስሜነህ፦ ከአፍህ እስኪወጣ ነው። እንድታስቀረው ነው ያልኩህም ለማውጣጣት ነበር። የቀሚሱን ግን አላውቅም ነበር፤ እሱ ምርቃት ነው። በል፣ ትተኩሳለች። ግን በምላሹ የምትጠይቅህ ነገር አለ።

ቸኮል፦ ምን?

ስሜነህ፦ በሽማግሌ ፊት «የእኔ ምራት ደሞዝ አትለቅምም፣ ከጤና ጣቢያው ወጥታ ቤቷ ትቀመጣለች» ብለሃል። ያን ቃል በሽማግሌ ፊት ታነሣለህ። ሥራዋን አትለቅም።

ቸኮል፦ እሱማ የእኔ ብቻ አይደለም፣ የማዶ ወግ ነው። የማን ምራት ናት ከተማ ስትመላለስ የምትውል?

ስሜነህ፦ ደግሞ ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ አንተን ይዛህ ትሄዳለች። ዓይንህን የለበሰው ሞራ ነው፣ በአንድ ጧት ይገፈፋል ትላለች። ከተማ ሆስፒታል ሄዳ ቀን አስይዛልሃለች።

ቸኮል፦ ሳላውቅ?

ስሜነህ፦ ሳታይ። ጥሩዬን አማክራ ነው፤ እሷም የተጠቀመውን ቀሚስ ለብሼ አብሬው እሄዳለሁ ብላለች።

ቸኮል፦ ጥሩዬ እንዲህ አለች?

ስሜነህ፦ እንዲያ አለች። እንግዲህ ምን ትላለህ?

ቸኮል፦ ገና በሬን ሳትረግጥ ይህን ሁሉ ካዘዘችኝ ከገባች በኋላ ምን ልሆን ነው? አያ ስሜነህ፣ ዓይኑ ይሁን፣ እሄዳለሁ። ሥራው ግን… ለመሆኑ እምቢ ብልስ?

ስሜነህ፦ ልጄ በዕድሜዋ ስታ አታውቅም። እምቢ ካልክ ግን ያን ቀን ትስታለች።